የተዘጋ መስኮት በክረምት፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ የተካሄደ የነፋስ ጥናት

የጎጃም ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ከደጋው ጋር ሲላተም ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ማንኛውም የጂኦግራፊ ተማሪ ያውቀዋል። ያልተጠናው ዝናቡ ከሚደበድበው ቆርቆሮ በታች፣ ማለትም በአውቶቡሱ ውስጥ የሚሆነው ነው። ስለዚህ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን፣ መስኮቱ ዝግ በሆነ አውቶቡስ ተሳፍረን አጥንተነዋል።

ዝናብ ሲዘንብ መስኮት መዝጋት ማብራሪያ አይፈልግም፤ ውኃ ይገባል። ነገሩ ጥናት የሚሻው ዝናቡ ደንበጫ ላይ ካባራ በኋላ ነው። ፀሐይ ብልጭ ትላለች፤ አንድ ወጣት መስኮቱን አራት ጣት ያህል ይገፋል። ወዲያው ከኋላ ድምፅ ይመጣል፦ “ኧረ ማነው መስኮት የከፈተው? ብርድ ልታስመቱን ነው እንዴ!” ተናጋሪው ዘወትር ከመስኮቱ ሦስት ወንበር ርቆ የተቀመጠ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ነው። ነፋሱ በአቅራቢያው ያሉትን ሁሉ ዘልሎ እሱ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ በፊዚክስ ለማስረዳት ሞክረን ትተነዋል።

ሕጉንም አይተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ስለ እርሻ ወሰን፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ውኃ መውረጃ ሳይቀር ይናገራል። የአውቶቡስ መስኮት የማን እንደሆነ የሚወስነው ግን ልማድ ነው፤ በልማዱም መሠረት መስኮት የሚበርደው ሰው ርስት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጭሰኛ ነው።

ልማዱ ከውጭ ገባ የሚል መላምት ሊነሳ ይችላል። ጣሊያኖች ላብ ያለበትን አንገት ነፋስ እንዳይነካው አጥብቀው ይጠነቀቃሉ፤ ሰርቦችም ትይዩ መስኮቶች አንድ ላይ ሲከፈቱ ነፍሳቸው አይወድም። ጣሊያን ደግሞ ቡሬ ላይ ምሽግ ነበረው። ሆኖም መላምቱ አይጸናም። ጣሊያን ቡሬን በየካቲት 1933 ዓ.ም. የለቀቀው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት የጌዴዎን ጦርና አርበኞች አላስቀምጥ ብለውት ነው፤ ነፋስ ከምክንያቶቹ መካከል አልተጠቀሰም።

የሕክምናው መስክ የበለጠ ሀብታም ነው። ብርድ በአንገት ይገባል፣ ትከሻ ላይ ያድራል፣ ወገብ ላይ ቤት ይሠራል። ለማስወጣት ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ ያስፈልጋል፤ ካልሆነም የጠበል ቀጠሮ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ሲገባ “መስኮት ክፈቱ” የሚል ምክር ወጣ። ተሳፋሪው ምክሩን በጥሞና ሰማ። ከዚያም ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ መስኮቱን ዘጋ።

ደንቡ ግን ልዩ ሁኔታ የለውም ማለት አይደለም። ከፊት የተቀመጠች እናት ሎሚ ስታሸት ቆይታ ፌስታል ስትጠይቅ መስኮት ይከፈታል፤ ይህ ከሰብአዊነት የመነጨ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው በቆሎ ነው። አውቶቡሱ ጅጋ ሲቆም ልጆች የተጠበሰ እሸት ይዘው ይከቡታል፤ መስኮቶቹም በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ ይከፈታሉ። ባለ ጋቢው ራሱ እስከ ደረቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይከራከራል፤ እሸቱ እያረረ ነው፣ ዋጋው ከአምናው ጨምሯል፣ ያኛውን ትልቁን አምጣው። ካፊያ ፊቱ ላይ እየወረደ ነው። በዚህ ጊዜ ብርድ የመታው ተሳፋሪ አልተመዘገበም። ገዝቶ ሲጨርስ መስኮቱን ይዘጋል፤ ነፋስም ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚህ ወዲያ የመልክዓ ምድሩ ጥናት ይቸግራል። በስተሰሜን የደጋ ዳሞትና የሰከላ ከፍታዎች እንዳሉ ካርታ ይመሰክራል፤ የዓባይ ምንጭ ግሽም እዚያው ነው። የአርባ አምስት ሰው ትንፋሽ ግን ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ውኃ ይሆናል። በክንድ የተጠረገ ቀዳዳ አንድ ባሕር ዛፍና ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ካሳየ በኋላ ይደፈናል። በነጠላ ጫፍ የተጠረገ ትንሽ ይቆያል፤ ባለቤቷ ግን ለተራራ ብላ ነጠላዋን ደጋግማ አታበላሽም።

ደግነቱ ረዳቱ ከሾፌሩ በላይ ባለው ቴሌቪዥን ክሊፕ ከፈተ። ዘፋኙ አረንጓዴ ተራራ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ጭጋግ፣ ጤፍ፣ አደይ አበባ፣ ትከሻቸውን የሚሰብቁ ልጃገረዶች። አውቶቡሱ በሙሉ አንገቱን አቀና። “አይ ጎጃም! እንዴት ያለ አገር ነው!” አሉ አንድ አዛውንት፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው። በዚህ ሰዓት ብር ወንዝን ተሻግረን ወደ ፍኖተ ሰላም እየተቃረብን ነበር። ክሊፑ ውስጥ ዝናብ አልነበረም፤ በዚያ ላይ መስኮቱ የተጸዳ ነው።

ማንኩሳን አልፈን ቡሬ መገንጠያው ላይ፣ አንዱ መንገድ ወደ ነቀምቴ አንዱ ወደ ባሕር ዳር በሚለይበት፣ ረዳቱ በሩን ወለል አድርጎ “ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!” እያለ ተንጠለጠለ። ዝናቡ እንደገና ይዘንብ ነበር። ነፋሱ ከፊት ገብቶ የኋላውን መጋረጃ ያርገበግባል፤ የበቆሎው ቆረቆንዳ በመተላለፊያው ይንከባለላል። ማንም ትንፍሽ አላለም። ባለ ጋቢውን ጠጋ ብዬ፣ “አባቴ፣ በሩስ?” አልኳቸው።

አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን አዩ።

“በር ነዋ!” አሉኝ። “በሩ ከተዘጋ ሰው በምን ይገባል?”