የሞተው ሶኬትና የተረገመው ፊውዝ

የመኪና ሶኬት ሲሞት የሚካሄደው ምርመራ እስካሁን ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ሹፌሩ ቻርጀሩን ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይነቀንቃል፤ ካልሆነም ነቅሎ ቀዳዳው ውስጥ እፍ ይላል። ጋቢና የተቀመጠው «ባትሪው ነው» ይላል። ሞተሩ መነሳቱ፣ መብራቱ መብራቱ፣ ክላክሱም ሰፈር ማወኩ ይህን ድምዳሜ ሲያናጋው አልታየም። ከኋላ ወንበር ደግሞ «የቻይና ቻርጀር እኮ ነው» የሚል የተለየ ሐሳብ ይመዘገባል። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አንድ ነው፦ በዚህ ሁሉ ተከሳሽ መካከል ግዴታውን በአግባቡ የተወጣው፣ በመጨረሻ ሁሉም ተባብሮ የሚረግመው ፊውዝ ብቻ ነው።

ለፍርዱ የቀዳዳውን የሥራ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ሶኬቱ የተፈጠረው ለስልክ ሳይሆን ሲጫኑት ግሎ ወደ ውጭ ለሚዘለው የሲጋራ መለኮሻ ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ስለከለከለ፣ ቢያንስ በታክሲ ላይ ያለው ሶኬት በሕግ ከቀድሞ ሥራው ተነሥቶ ያለ ምንም ሥልጠና ወደ ስልክ መጋቢነት ተዛውሯል። አፉ ግን እንደ ድሮው ሰፊ ነው። ግርጌው መሃል ያለችው ነጥብ ፖዘቲቭ ናት፣ ዙሪያው ብረት ኔጋቲቭ ነው፣ በመካከላቸው 12 ቮልት ይጠብቃል። ከማርሹ አጠገብ ወደ ላይ አንጋጦ ስለሚውልም የማስቲካ ብርማ ወረቀት ሲጣልበት አይቃወምም። ወረቀቱ ሁለቱን ብረቶች ካገናኘ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል፤ በዳሽቦርዱ ሆድ ውስጥ ያለፈው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ይህን ሊሸከም አልተሠራም። ፊውዝ የተቀጠረው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ፊውዙን ከሳጥኑ ነቅሎ ብርሃን ላይ ያየው ሰው አካሉን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ውስጡ አንዲት የታጠፈች ቀጭን ድልድይ። 15 አምፔሩ ሰማያዊ፣ 20ው ቢጫ ነው። ድልድዪቱ መሃሏ ላይ ተበጥሳ ፕላስቲኩ ጠቆር ብሎ ከተገኘ ሟቹ ተለይቷል ማለት ነው። 15 አምፔር በ12 ቮልት 180 ዋት ነው፤ ተራ የስልክ ቻርጀር ከሁለት አምፔር ብዙም አልፎ አይጠጣም። ስለዚህ በሕዝብ ዘንድ የተወደደው «ስልኩ አቃጠለው» የሚለው ክስ በሒሳብ ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ጎማ መንፊያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ እዚያው ወሰን ድረስ ይጠጣል፣ ተጠርጥሮ ግን አያውቅም።

ፊውዙ ደኅና ሆኖ ሶኬቱ ዝም የሚልበት ጊዜ እንዳለ የሚያነሱ ይኖራሉ። እውነት ነው። በብዙ መኪኖች ቁልፉ አንድ ደረጃ ካልዞረ ሶኬቱ አይሠራም፤ ይህን ቀድሞ መሞከር ነፃ በመሆኑ ምክንያት ይመስላል ማንም አይሞክረውም። ቻርጀሩም ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፦ የአንዳንዱ አፍንጫ ተፈትቶ ሲወጣ ውስጡ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ይገኛል፣ ያውም ተበጥሶ። ለተቃውሞ የቀረበው ማስረጃ ስለዚህ ለእኛ ወገን መስክሮ ወጥቷል። በአንዳንድ መኪኖች ሬዲዮውና ስፖኪዮ ማንቀሳቀሻው ከዚያው ፊውዝ ስለሚጠጡ፣ ሦስቱ አብረው ዝም ካሉ ባትሪውን ከመወንጀል የፊውዝ ሳጥኑን መክፈት ይሻላል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከተግባር ሰዎች ነው፦ «መዳብ ሽቦ ጠምጥመንበት ይኸው ዓመታት ሠራ።» በዚህ አንከራከርም፣ ይሠራል። ፊውዝ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሥራውን በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ፣ ምናልባትም በመኪናው ውስጥ ብቸኛው ሹም ነው። በቦታው የሚሾመው ሽቦ ግን መልቀቂያ የማስገባት ልማድ የለውም፤ ጭነቱ ሲበዛ እሱ ይቆይና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው መስመር ይነድዳል። ከሽቦው ሻል ያለ መስሏቸው 15 አምፔሩን አውጥተው በ30ው አረንጓዴ የሚተኩም ያው ሹመት ነው የሰጡት፣ ልዩነቱ በደብዳቤ መሆኑ ብቻ ነው። የማስቲካው ወረቀት እኮ አሁንም የሶኬቱ ግርጌ ላይ ተኝቷል። አዲሱ ፊውዝ ገና እንደገባ ቢበጠስ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ጠንካራ ፊውዝ መጠየቅ መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ፊውዙን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት አይቶ፣ ወረቀቱን በፒንሳ ሳይሆን በእንጨት ማውጣት ነው።

ለቀጣይ ተመራማሪዎች አንድ መረጃ እንተው። በብዙ መኪኖች የፊውዝ ሳጥን ክዳን ውስጥ መለዋወጫ ፊውዞችና አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መንቀያ ከፋብሪካ ተሰክተው ይመጣሉ። ማንም ነክቷቸው ስለማያውቅ በጥሩ ይዞታ ላይ ይገኛሉ።