ለሰማይዋ ላም የተሠራ ጋጣ

በፈረንጆቹ 2021 የመጨረሻ ቀን፣ ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ትዊተር ላይ ወጥቶ ሳህኑን ዘረጋ። ልመናው የወትሮው ዓይነት አልነበረም። ዶጅኮይን ለምትነካኩ፣ ቢትኮይንና ኢቴሪየም ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ ሁሉ፣ መዋጯችሁን እዚያው በክሪፕቶ እንቀበላለን የሚል ነበር። በበኩሌ አደነቅሁ። በበዓል ዋዜማ ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጦ «ያልወጣ ሎተሪም እንቀበላለን» የሚል የኔ ቢጤ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ለማያውቀው ሰው፣ ዶጅኮይን ማለት በ2013 ሁለት ሰዎች በክሪፕቶው ግርግር ለመሳቅ ብለው የፈጠሩት፣ የውሻ ፊት ያለበት ሳንቲም ነው። ቀልዱ ያልገባቸው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ዋጋ አወጡለት። ቀልዱ የገባቸው ደግሞ ለበጎ አድራጎት ይለግሱታል።

በለማኞቹ ግን አልፈርድም። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ችግራቸው የእውነት ነው። የባንኩንም የኢሜይሉንም ምስጢር የሚቆልፈው ኦፕንኤስኤስኤል በ2014 ሃርትብሊድ በተባለው ቀዳዳ ሲጋለጥ፣ ያን ሁሉ ዓለም ለተሸከመ ፕሮጀክት በዓመት የሚገባው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ታወቀ። ሞዚላ ሳህኑን በዘረጋበት በዚያው በዲሴምበር ወርም ሎግፎርጄ የሚባል ኮድ ተቀድዶ ትላልቅ ኩባንያዎች ሲራወጡ፣ ቀዳዳውን ለመድፈን እንቅልፍ ያጡት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው የመጣለትን ቆርቆሮ ሁሉ ቢቀበል ማን ይፈርድበታል? እኛም ሰውየውን ትተን ቆርቆሮውን ብቻ እናገላብጥ።

በመጀመሪያ የአቀባበሉን ሥነ ሥርዓት እንይ። ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረውና ሚዲያዊኪ የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር የሚሠራው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ከ2014 ጀምሮ ቢትኮይን ይቀበል ነበር። ይቀበል ነበር ስል ግን በእጁ ይዞ ያውቃል ማለቴ አይደለም። የገባውን በየዕለቱ ወደ ዶላር ይመነዝር ነበር። እንግዳውን በእልልታ ተቀብሎ፣ ደጃፍ ላይ ልብሱን አስወልቆ፣ ሌላ ሰው አድርጎ ወደ ቤት ማስገባት እንደ ማለት ነው። ደግሞም ብልህነት ነበር። በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ የነበረው ቢትኮይን በዓመቱ 16,000 አካባቢ ወርዶ ተገኝቷል። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት አባቶቻችን የነገሩን ወተቷ እንደማይታይ ብቻ ነው፤ በዓመት ውስጥ ከሲታ እንደምትሆን አልነገሩንም።

ለጋሹም የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት በ2014 ክሪፕቶ ገንዘብ ሳይሆን ንብረት ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ በርካሽ የገዛው ቢትኮይን ሰማይ የነካለት ሰው፣ ሸጦ ግብር ከሚከፍል ይልቅ እንዳለ ቢለግሰው ከትርፉ ግብር ይድናል፤ በልግስናውም ከሌላ ገቢው ላይ ይቀነስለታል። ሕጋዊ ነው፤ አክሲዮን የሚለግሱም ያደርጉታል። የሚገርመው የስም ለውጡ ነው። ገንዘብ ነው ተብሎ ይሰበካል፤ ንብረት ነው ተብሎ ይለገሳል፤ ዶላር ሆኖ ይገባል። ሦስት ጊዜ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ታውቃላችሁ?

በክሪፕቶ የሚከፈል የአባልነት መዋጮ ደግሞ የባሰ ያስቃል። እስቲ የሰፈራችሁን ዕድር ገንዘብ ያዥ አስቡ። አንድ አባል መጥቶ «የወር መዋጮዬን እሑድ መቶ ብር፣ ማክሰኞ ሰባ ብር በሚያወጣ ነገር ልክፈል» ቢላቸው፣ መዝገቡን ዘግተው ጠበል ይመክሩታል። በዚያ ላይ የመላኪያው ዋጋ አለ። በዲሴምበር 2017 መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜ፣ አንድ የቢትኮይን ክፍያ ለማሳለፍ በአማካይ ከ50 ዶላር በላይ የተጠየቀበት ቀን ነበር። ስቲም የተባለው የቪዲዮ ጌም መደብር ከዋጋው መዋዠቅና ከመላኪያው ውድነት የተነሣ በዚያው ወር ቢትኮይን መቀበል አቆመ። ጨዋታ መሸጥ ሥራው የሆነ ቤት እንኳ ይህን ጨዋታ አልቻለውም።

አሁን ቢትኮይን ወደሚበላው መብራት። በየአሥር ደቂቃው ገደማ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ ማሽኖች አንድ ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ያሸንፋል፤ የሌሎቹ ሁሉ ልፋት ከነመብራቱ ጭስ ነው። ብክነቱ በስህተት የገባ አይደለም፤ ቢትኮይን የሚጠበቀው በእሱ ነው። ኮዱን ጥቂት ለማፍጠን ሳምንት ሙሉ የሚያነጋ ፕሮግራመር፣ ደመወዙ ሆን ተብሎ በማባከን ከሚመረት ሳንቲም እንዲወጣለት የተመኘ ሰው በእርግጥ አርቆ አሳቢ ነው።

ሞዚላን ከመሠረቱት አንዱን፣ ጄሚ ዛዊንስኪን፣ የድርጅቱ ልመና አላሳቀውም። በጉዳዩ የገባ ሁሉ ሊያፍር ይገባል ብሎ በአደባባይ ወረደበት፤ ጌኮ የተባለውን የፋየርፎክስ ሞተር የነደፈው ፒተር ሊንስም አገዘው። ድርጅቱ ሳምንት ሳይሞላ ሳህኑን አጠፈ። ከሦስት ወር በኋላ፣ መብራት የሚግጡትን የክሪፕቶ ዓይነቶች ትቼ መብራት የሚቆጥቡትን ብቻ እቀበላለሁ ብሎ ውሳኔውን አስታወቀ። ሥጋውን ጾሜአለሁ፤ መረቁን ግን ጨመር አድርጉልኝ።

የክሪፕቶ ደጋፊዎች ለዚህ ሁሉ አንጀት የሚበላ መልስ አላቸው፤ ባንክ ለማይደርስለት፣ ካርዱ ድንበር ለማይሻገርለት ሰው ክሪፕቶ በር ይከፍትለታል ይላሉ። ብሩ ከቦሌ ማዶ ለማይሠራለት ለእኔ ብጤ ይህ ክርክር እውነት አለበት፤ አልክድም። ግን በሩ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ርካሽ ኃይላችንን አይተው የመጡ፣ አብዛኞቹ ከቻይና ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው ማሽኖቻቸውን ያስጮሃሉ፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና አምፖል አላበራም። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። መጥመቅ ተፈቅዷል፤ መቅመስ ነውር ነው። የሞዚላ ጥሪም ቢሆን «ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ» ነበር እንጂ፣ ካርዷ ለተመለሰባት የአዲስ አበባ ተማሪ አልነበረም።

ደግሞ የምንጭ ነገር አለ። የክፍት ሶፍትዌር ቤቶች መርሃቸው አንድ ነው፤ ኮዱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው ካልታየ አናምንም ይላሉ። ለነጻ ሶፍትዌር የሚታገለው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2018 መጀመሪያ 91.45 ቢትኮይን ተለገሰው፤ በዚያን ጊዜ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነው። ለጋሹ ፓይናፕል ፈንድ የተባለው የቢትኮይን በጎ አድራጎት ባለቤት ነው፤ ስሙን ግን አልገለጸም። ክፉ ሰው ነው የሚል ማስረጃ የለኝም፤ ጻድቅም ሊሆን ይችላል፤ በስውር መመጽወት የተቀደሰ ነገር ነው። እኔን ያሳቀኝ፣ አንዲት መስመር ኮድ ተሰውራ ብትገኝ አገር ይያዝ የሚል ማኅበር፣ ሚሊዮን ዶላር ፊቱን ተሸፍኖ ሲመጣ ወንበር መሳቡ ነው።

ለመሆኑ ለምን ያህል ሲሳይ ነው ይህ ሁሉ? ዊኪሚዲያ በአንድ በጀት ዓመት በክሪፕቶ ያገኘው ወደ 130,000 ዶላር ሲሆን፣ የሰጡት ሰዎች 347 ናቸው። ከጠቅላላ ገቢው 0.08 በመቶ መሆኑ ነው። የዊኪፒዲያ ጸሐፊዎች በ2022 ለሦስት ወር ያህል ተከራክረው 232 ለ94 በሆነ ድምፅ ይቅርብን አሉ፤ ድርጅቱም በሜይ ወር አቆመ። ከሺህ ብር ሰማንያ ሳንቲም ለምትሆን ነገር ያን ያህል ሰው መጣላቱ ሞኝነት ይመስላል።

ሞኝነት የሚመስለው ግን መጽዋቹ ማን እንደሆነ ከተምታታብን ብቻ ነው። ይህን ቀድሞ ያየው የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነበር። በ2011 ቢትኮይን መቀበሉን ሲያቆም ከምክንያቶቹ አንዱ፣ መቀበላችንን ሰዎች እንደ ምስክርነት እየቆጠሩት ነው የሚል ነበር። እንዲህ ዓይነት እውነት ለሁለት ዓመት ያህል ይከብዳል መሰለኝ፤ በ2013 ሳህኑን መልሶ ዘረጋ።

ስሌቱ ይኸው ነው። እንደ ዊኪሚዲያ ያለ ድርጅት የሚያገኘው ከገቢው ጠብታ ነው። የክሪፕቶ ነጋዴ የሚያገኘው ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በሌሊት፣ በነጻ፣ በሃያና በሠላሳ ዓመት ያካበቱትን ስም ነው። ሳህኑን የያዘው ማን፣ ሳህኑ ውስጥ የጣለው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገ አንዱ ደላላ አዲስ ሳንቲም ይዞ ይመጣል። «ላሚቱ የታለች?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። እሱም ወደ ሰማይ አያመለክትም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለም። በታላላቆቹ የክፍት ሶፍትዌር ቤቶች ደጃፍ የተሠራውን፣ በሚገባ የተጠረገውን ጋጣ ያሳያችኋል። «ላም ባይኖር» ይላችኋል፣ «እነዚህን የመሰሉ አዋቂዎች ጋጣ ይሠሩ ነበር?»