የዋርካው ጉባኤ

በአንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ትልቅ ዋርካ ነበር። ጭራሮ ለቅሞ፣ ሣር መዝዞ የመጣ ወፍ ሁሉ ባዶ ቅርንጫፍ ፈልጎ ጎጆውን ይሠራበት ነበር። ዘመን ሲገፋ ግን ጥቂት ወፎች ጎጆ በጎጆ ላይ እየሠሩ ያከራዩ ጀመር፤ ኪራዩም በዛ። በዚህ መካከል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ነፋሱ ሲበርድ አዲስ ጉባኤ ተቀመጠና ሰብሳቢው ንስር፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዋርካው የሁላችንም ነው። ለአንድ ወፍ አንድ ጎጆ ይበቃዋል፤ ትርፉ የጉባኤው ነው» ብሎ አወጀ። ወፎቹ እልል አሉ።

የትርፍ ጎጆዎቹ ኪራይ በወር 1 ፍሬ ማሽላ ሆነ። ክረምት ሲገባ ጎጆዎቹ ማፍሰስ ጀመሩ። ተከራይዋ እመት ርግብ፣ «ጎጆው የጉባኤው ነው፤ ጉባኤው ይጠግነው» አለች። ጉባኤው፣ «በ1 ፍሬ ማሽላ ምን ይጠገናል?» አለ። ጎጆው በሁለቱ መካከል በሰበሰ። ርግብም አልለቀቀችም፤ ለቅቃ የት ትደርሳለች?

ጫጩት ደግሞ መፈልፈሉን አይተውም። ዛፉ የተቆረጠበት የሌላ አገር ወፍም ወደ ዋርካው መጣ። በድንቢጥ ጎጆ ውስጥ እናት፣ አባት፣ አምስት ጫጩት፣ አክስትና የአክስት ልጅ ያድሩ ነበር። ሌሊት አንዱ ጎኑን ሲያመው ሁሉም አብረው ይገለበጣሉ።

ጉባኤው ከማለዳ እስከ ማታ መከረ። ጭልፊት፣ «ጎጆ ያነሰው ወፍ ስለበዛ ነው» አለ። ሽመላ፣ «የለም፤ ጎጆው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ስላልተሠራ ነው» አለ። ድንቢጥ፣ «ባዶ ቅርንጫፍ ብቻ ስጡን፤ ጎጆውን እኛው እንሠራዋለን» ልትል ክንፏን እንዳነሣች ተራዋ ሳይደርስ መሸ።

በመጨረሻ ጉባኤው ራሱ ጎጆ ሠርቶ በዕጣ ሊያድል ወሰነ። ጎጆው 100 ጭራሮ ያወጣል። ተመዝጋቢው 20ውን አስቀድሞ ይቆጥባል፤ 80ውን ከገባ በኋላ ቀስ እያለ ይከፍላል። እጅግ የተቸገረው 10፣ ደህና የበላው 40 ያስቀድማል። ድንቢጥም ተመዘገበች። በየወሩ ጭራሮ በአፏ ይዛ ትሄዳለች፤ ጸሐፊው አያ ጉጉት ቆጥሮ ይጽፋል።

ጎጆ መሠራቱስ ተሠራ፤ ብዙ ወፍም ባለ ጎጆ ሆነ። ነገር ግን አንድ ጎጆ ሲያልቅ አሥር ተመዝጋቢ ይወለዳል። ዕጣ ከወጣላቸው መካከል አንዳንዶቹ ጎጆው ወለል እንደሌለውና ከውኃው እንደራቀ ባዩ ጊዜ አከራይተውት ወደ እናታቸው ጎጆ ተመለሱ። ደላላው አያ ቁራ ካከራዩም ከተከራዩም ፍሬውን ለቀመ።

ድንቢጥ ጠበቀች። ባሏ ሞተ። ጫጩቶቿ አድገው ሚስት አገቡ፣ ባል አገቡ፤ በዚያችው ጎጆ። የዕጣው ቀን ሲደርስ ስም የተጻፈበት ዘር የሞላው ቅል ተናወጠ፤ የዕድለኞች ስም ተጠራ። ኋላ ሲጣራ ግን አንዲት ጭራሮ ያልቆጠቡ ወፎች ስም ከቅሉ ውስጥ ተገኘ። ጉባኤው ዕጣውን ሰረዘ።

ከዚያ ወዲያ፣ «አከራይ ተከራዩን እስከ 2 ዓመት እንዳያስወጣ፤ ኪራይም በዘፈቀደ እንዳይጨምር» የሚል ሕግ ወጣ። በጎጆ ውስጥ ያለ ወፍ እፎይ አለ። ገና ጎጆ የሚፈልገው ግን በየበሩ ሲያንኳኳ፣ «የምናከራየው የለንም» ተባለ።

ጉባኤው ገንዘብ አነሰውና ባዶውን የደቡብ ቅርንጫፍ ለጨረታ አወጣ። ጆፌ አሞራ ማንም የማይደርስበትን ዋጋ ሰጥቶ ወሰደው። ዙሪያውን እሾህ አጠረበትና ገደል ላይ ወዳለው ማደሪያው ተመለሰ። «መቼ ትሠራበታለህ?» ሲሉት፣ «ምን አስቸኮለኝ? ቆሞ ሳለ ዋጋው ይጨምራል» አለ።

ድንቢጥና ጎረቤቶቿ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ወደ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ወረዱ። ድንቢጥ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት የመዘዘችውን ቀይ ክር ይዛ ነበር፤ የጎጆዋን ወጋግራ በዚያ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችው። ሲነጋ 40 ጎጆ ቆሞ ተገኘ። ሸለቆው ሁሉ «የጨረቃ ጎጆ» አላቸው።

ጫጩቶቹ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ጉባኤው የላካቸው ጭልፊቶች ደረሱ።

«ጎጆው ምን ጎደለው?» አለች ድንቢጥ።

«ጎጆውስ ምንም አልጎደለው፤ ከሠራነው ሁሉ ይሻላል» አሉ ጭልፊቶቹ። «ነገር ግን በዕጣ አልወጣም።» እያመሰገኑ አፈረሱት።

ጉባኤው ስለ ጎጆ እጦት የሚመክርበት ሰፊ አዳራሽ አልነበረውም። የፈረሰው ጭራሮ ተጭኖ ተወሰደና አዳራሽ ተሠራበት። በተመረቀበት ቀን ወፎች ሁሉ ተጠሩ። ንስር ተነሥቶ፣ «ወገኖቼ፣ ጎጆ እንዳንሠራ የጭራሮ እጥረት ያዘን» ብሎ ንግግሩን ጀመረ።

ድንቢጥ ቀና ስትል ከንስር ራስ በላይ ቀይ ክር የታሰረበት ወጋግራ አየች። «ጌታዬ፣ ይህ የእኔ ነው» አለች። ዋኖስም ቀና ብላ የራሷን አወቀች፤ ቆቅም እንዲሁ። አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ።

ጉባኤው ወዲያው ተመካከረና፣ «ጭራሮው እንዲመለስለት የሚፈልግ ይመዝገብ» አለ። ጉጉት አዲስ መዝገብ ገለጠ። ወፎቹ ከአዳራሹ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰለፉ፤ አያ ቁራ ወረፋ ይሸጥ ጀመር።

ድንቢጥ አልተሰለፈችም። ብርር ብላ ወጥታ ወጋግራውን በአፏ ያዘችና መዘዘችው።