ሁለት ውል፣ አንድ ቁልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ሊጋቡ የተስማሙ ወጣቶች ከቀለበት ቀጥሎ የሚያወጡት ነገር በጀት ነው። ካፌ ጥግ ይዘው፣ አንድ ማኪያቶ ለሁለት አዘው፣ የስልካቸውን ካልኩሌተር ከፍተው ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ደግ ልማድ ነው፤ ማንም አይከልክላቸው። ልብ ወለድ መጻፍ ያልሞከረ ሰው ትዳር ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

መካሪም አላጡም። የፋይናንስ አሠልጣኙ ሱፉን ግጥም አድርጎ ቲክቶክ ላይ ብቅ ይልና «የቤት ኪራይ ከገቢያችሁ ሠላሳ በመቶ መብለጥ የለበትም» ይላቸዋል። ከውጭ አገር መጥታ ገና ሻንጣዋን ያልፈታች ቁጥር መሆኗ ያስታውቃል። አሠልጣኙ ራሱ የት እንደሚኖር የጠየቀው የለም፤ እናቱ ቤት ነው ብሎ መጠርጠር ግን ነውር አይመስለኝም።

እሺ፣ ምክሩን አክብረን እናስላ። ሙሽራውም ሙሽሪትም በወር 15,000 ብር ደመወዝ አላቸው እንበል። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ባሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያዋን 2,000 ብር ምሯቸዋል፤ እግዜር ይስጠው። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ሲቆረጥ 3,200 ብር ግብር ይሆናል። ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮ ሌላ 1,050 ብር ይወስዳል፤ ይህ ለስተርጅና ነው፣ እስከዚያ ድረስ የት እንደሚታደር አዋጁ አይናገርም። እያንዳንዳቸው እጅ ላይ 10,750 ብር ይደርሳል፣ በድምሩ 21,500። ሠላሳ በመቶው 6,450 ብር ነው ማለት ነው።

በ6,450 ብር የሚገኘውን ቤት ማንቋሸሽ አልፈልግም። አልጋው ከገባ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ከተከፈተ አልጋው አይገባም፤ ለአዲስ ተጋቢዎች ደግሞ መቀራረብ ጥሩ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የግቢው ሰው ሁሉ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ማኅበራዊ ኑሮ ይጠናከራል። እነዚህ ልጆች ግን ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ የራሳችን በር ይኑረን አሉ። ደላላ ዘንድ ሄዱ።

ደላላው አያት ወሰዳቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም። ደረጃውን ሲወጡ ስልኩ አላባራ አለ። «ወንድሜ፣ ይቺ ቤት ማታ አታድርም። እህቴ፣ እያት፣ ፀሐይ በሁለት በኩል ነው የሚገባት።» የፀሐይዋ ዋጋ 20,000 ብር ነው። ከሁለቱ ገቢ ዘጠና ሦስት በመቶ። የተረፈው 1,500 ብር ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለመብራት፣ ለዕድር፣ ለካርድና ለፍቅር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲህማ ማንም አይኖርም» ሊል ይችላል። ይኖራል እንጂ! ጤፉ ከገጠር ይመጣል። በርበሬና ሽሮውን እናት ትችላለች። ሙሽራው ማታ ማታ ትርፍ ሥራ ይሠራል። የከፋ ቀን ሲመጣ ደግሞ ዋሽንግተን ያለችው እህት አለች፤ በሌሊት ፈረቃ የሰው አረጋውያን ጦራ ያገኘችውን ዶላር ትልካለች፣ ዶላሩ ተመንዝሮ አያት ላሉት አከራይ ይደርሳል። የአከራይዋ ልጅም ያለው አሜሪካ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ስለ ቤቱ የዘር ሐረግ አንዲት ነገር ላንሳ፣ ሳላነሳት ማለፍ ስለማልችል። ኮንዶሚኒየም መጀመሪያ የተሠራው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው የከተማ ነዋሪ ተብሎ ነው። አከራይዋ በዕጣ ደረሳቸው። ሙሽራው በበኩሉ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ በየወሩ እየቆጠበ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን ሲፈልግ ጎልምሷል። እና አሁን ያ ያልደረሰው ቤት ደረሰው፤ በወር 20,000 ብር። ብሎኬቱም ሲሚንቶውም ድሮ በብር የተገዛ ቤት ነው። ይሁንና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ይኸው ቤት በአንድ ሌሊት ዶላር መናገር ጀመረ። «ታዲያ ዶላሩን አታዩትም?» ይላሉ አከራይዋ፣ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ።

ሕግ የለም ወይ? አለ፣ ያውም የሚያምር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚኖረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ? ለነገሩ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ዝቅተኛውን ኪራይ እስከ ግማሽ ቀንሶ፣ ትርፍ ቤቱንም ወርሶ ነበር፤ የዛሬዎቹ አከራዮች ያንን ዘመን ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። ስለዚህ አዋጅ ሲወጣ አይደናገጡም፣ ይዘጋጃሉ። የአዲስ አበባ አከራይ ሕግ ጣሰ ሲባል የምሰማው ሐሜት በጣም ያናድደኛል። እንዲያውም እንደሱ ሕግ የሚያከብር የለም፤ ለሕጉ ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ የተለየ ውል አለው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አከራይዋ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እናንተማ ልጆቼ ናችሁ» አሉ። ይህ አነጋገር ዋጋ ሊጨመር ሲል የሚመጣ ነው። ከዚያ ጥያቄ ቀጠሉ። እንግዳ ይበዛባችኋል? ሚስማር ትመታላችሁ? ምጣድ አላችሁ? ልጅስ? ሙሽሪት አፍራ «ገና ነን እትዬ» አለች። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁ እጃቸውን ዘርግተው፤ «ግን እዚህ ቤት አይደለም። ልጅ ግድግዳ ይጽፋል።» ቅድሚያ የስድስት ወር ነው፤ የሁለቱ ወር በወረቀት፣ የአራቱ በመተማመን። ተባዝቶ 120,000 ብር ይመጣል። ደላላውም ከሁለቱም ወገን ድርሻውን ለመቀበል በሩ ላይ ቆሟል፤ እሱ በዚህ አገር ከሁለት ወገን ተከፍሎት ሁለቱንም የሚያማ ብቸኛ ባለሙያ ነው።

በነጋታው ሦስቱም ወረዳ ሄዱ። የውል መዝጋቢው ወጣት ስም ጻፈ፣ የቤት ቁጥር ጻፈ፣ «ኪራዩ ስንት ነው?» አለ።

«ስምንት ሺህ» አሉ እትዬ።

ወጣቱ ቀና አለ። እሱም ተከራይ ነው። «አያት? ባለ አንድ መኝታ?»

«አዎ።»

«በስምንት ሺህ?»

«የተባረኩ ልጆች ስለሆኑ አዝኜላቸው ነው።»

ሙሽራው ጫማውን አየ። ሙሽሪት ጣሪያውን አየች። መዝጋቢው ሞልቶ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ወረቀቱን ሲያቀብላቸው «እትዬ፣ እንደ እርስዎ የሚያዝን ሌላ ሰው ካወቁ ለእኔም ይንገሩኝ» አለ።

እንግዲህ የቅድሚያው ወራት ሲያልቁ በየወሩ 8,000 ብር በባንክ ይገባል፤ ምክንያቱ ላይ «የቤት ኪራይ» ተብሎ ይጻፋል፣ ደረሰኙ ይቀመጣል፣ ግብሩም በእሱ ይታሰባል። 12,000 ብሩ ደግሞ በፖስታ እጅ በእጅ። የመጀመሪያውን ብር አገር ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን እግዜርና እትዬ። ሁለተኛውን ውል ከመጀመሪያው የሚለየው ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚከበረው ግን እሱ ነው። ለወጣቶቹ ይህ ትልቅ የትዳር ትምህርት ነው። ገና ሳይጋቡ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በማኅተም ፊት፣ አብረው አንድ ውሸት ፈርመዋል። እንዲህ ያለ ትብብር የሌላቸው ስንት ባለትዳሮች አሉ መሰላችሁ።

120,000 ብሩስ ከየት መጣ? ከዕቁብ፣ ከአጎት፣ ከሙሽሪት የአንገት ወርቅ። ለሰርጉ ከተያዘው ገንዘብ ይነሳ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ለስድስት ሰዓት አዳራሽ፣ ለቬሎ፣ ለሚከተሉት መኪኖች፣ ለመልሱና ለቅልቅሉ የተያዘ ገንዘብ እንዴት ለቤት ይነካል? ሰው ምን ይላል? ሰው ሰርጉን ያያል፤ ቤቱን የሚያየው ደላላው ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል እትዬ ይደውላሉ። ድምፃቸው ለስልሷል። ልጃቸው ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ማረፊያ የለውም። ይህ ልጅ በከተማችን ታሪክ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ ሰው ነው። በየዓመቱ ለስንትና ስንት ቤት ይመጣል፤ ጀሞም፣ ሰሚትም፣ ገርጂም ይጠበቃል። ሻንጣ ይዞ ያየው ግን የለም። መምጣቱን የሚያስቀር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ኪራዩ 28,000 ብር ከገባ ልጁ እዚያው አሜሪካ ይረጋጋል፣ ሥራም ያገኛል። 28,000 ብር ከሁለቱ የተጣራ ገቢ መቶ ሠላሳ በመቶ ነው። ሠላሳዋ እንግዲህ ተገኝታለች፤ አሠልጣኙ ያላያት መቶዋን ነው።

«ሕግ አለ፣ እንከሳለን» የሚል ወጣት አይጠፋም። ይክሰስ፣ ሕጉም ከጎኑ ነው። ውሉ ለሁለት ዓመት ነው፣ ጭማሪውም እንደፈለጉ አይሆንም። ብቻ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። ማስረጃው ኪራዩ 8,000 ብር ነው ይላል፤ ፊርማውም የራሱ ነው፣ የሚስቱም አለበት። በየወሩ 12,000 ብር በፖስታ ስለመክፈሉ ምስክር ካስፈለገ እትዬን ይጥራ። ደላላውን አልመክርም፤ እሱ ስልክ ላይ ነው፣ ይቺኑ ቤት ማታ አታድርም እያለ ለሌሎች ሙሽሮች በማስረዳት ላይ ነው።

በበጀቱ ላይ ያለኝ እርማት ትንሽ ነው። በፖስታ የሄደውን ብር የሚይዝ ርዕስ የላችሁም፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር አስገቡት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚያደርገው ነው። በወር 12,000፣ በዓመት 144,000 ብር። ደረሰኝ አይጠየቅበትም።