ጡረታ የወጡ ፈረሶች

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በኦሃዮ አገር፣ ከኮሎምበስ ደቡብ ምዕራብ፣ ግሮቭ ሲቲ በምትባል ከተማ የሚኖሩ ፈረሶች ነበሩ። ሥራቸው መሮጥ ነበር። ቢውላ ፓርክ የሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ከተከፈተ ጀምሮ አያት፣ አባትና ልጅ የሮጡት እዚያው ነው። ደወል ሲሰሙ ይሮጣሉ፤ ሲጨርሱ "ስንተኛ ወጣህ?" ይባባላሉ። ከዚህ ሌላ ወግ አያውቁም ነበር።

በ2014 ሜዳው ተዘጋ። ውድድሩም ራቅ ብሎ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ያንግስታውን አጠገብ ተዛወረ። ጎረምሶቹ ተከትለው ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹ ጡረታ ወጡ።

"እንግዲህ ምን ሠርተን እንዋል?" አለ ጋሽ ዳማ።

"መሮጥ የሌለበት ሙያ እንማር" አለች እትዬ ቡላ።

ሁሉም ተስማሙ። ጋሽ መጋላ ግን "ልብ በሉ፣ ቀድሜ የተስማማሁት እኔ ነኝ" አለ።

መጀመሪያ አትክልተኞች ሆኑ። በጋንትዝ እርሻ ያለውን የቅጠላ ቅጠል አትክልት ቦታ አይተው በየጓሯቸው ናና ተከሉ። ጎህ ሲቀድ እያንዳንዱ ናናውን በጥርሱ ነቅሎ የሥሩን ርዝመት ይለካል፤ ከጎረቤቱ ጋር ያስተያያል፤ መልሶ ይተክላል። ሳምንት ሳይሞላ ናናው ሁሉ ደረቀ። ሸንጎ ተቀመጡና ቀድሞ የደረቀው የማን እንደሆነ አጣሩ። ሽልማቱን ጋሽ መጋላ ወሰደ።

ቀጥሎ መሲንቆ መማር አማራቸው። "ክሩ የኛው ጭራ አይደል? ሙያው በደማችን አለ" አሉ። ከየጭራቸው እየነጩ ክር ገመዱ። መምህር መጥቶ አንዲት የትዝታ ዜማ አስጀመራቸው። እሱ ቅኝቱን ሳያስተካክል እነሱ ዜማዋን ጨርሰው ተነሡ። ክሩ በየቀኑ ስለሚበጠስ በየቀኑ ነጩ። ክረምቱ ወጥቶ ዝንብ ሲመጣ፣ ከመካከላቸው ዝንብ የሚያባርርበት ጭራ የተረፈው አንድም አልነበረም።

"ቀለም ይሻለናል" ተባባሉና ወደ ኮሎምበስ ዘለቁ። በኦሃዮ ሕግ ስድሳ ዓመት የሞላው የአገሩ ነዋሪ ቦታ ካለ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በነጻ መማር ይችላል፤ ውጤት ግን አይያዝለትም። እነሱም በፈረስ አቆጣጠር ስድሳን አልፈዋል ተብሎ ወንበር ተሰጣቸው። የመጀመሪያውን ቀን ተምረው ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ውጤት ከሌለ ስንተኛ እንደሆንን በምን እናውቃለን?"

ቀበሮ ይህን ሰምቶ መጣ። "እኔ እፈትናችኋለሁ። ክፍያዬ በሳምንት አንድ ጆንያ አጃ ነው።" ቀበሮ ማንበብ አያውቅም። ስለዚህ ጆንያዎቹን በሚዛን እያስቀመጠ ባለ ከባዱን አንደኛ፣ ባለ ቀላሉን መጨረሻ ያደርጋል። ፈረሶቹ ለፈተናው መዘጋጀት ስለበዛባቸው ትምህርቱን አቋረጡ።

በመጨረሻ "ደክሞናል፣ ዕረፍት እንማር" አሉ። ሳዮቶ ወንዝ ዳር ሄደው በሣሩ ላይ በመስመር ተጋደሙ። ቀድሞ እንቅልፍ የወሰደው ያሸንፋል ተባለ። ሌሎቹ ተኝተው እንደሆነ ለማየት እያንዳንዱ አንድ ዓይኑን ገልጦ አደረ። ሦስት ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ዳማ ራሱን ስቶ ወደቀ። ውኃ አፍስሰውበት ሲነቃ፣ "በስንት ደቂቃ?" አለ።

ከእነሱ ጋር አንዲት ፍየል ነበረች። ፈረሶቹ እንዳይሸበሩ በጋጣቸው አብራ እንድታድር የተቀጠረች ስለሆነች ሮጣ አታውቅም። እሷም ከእነሱ ጋር ጡረታ ወጥታ "ዕድሜ ልኬን የበላሁትን ቅጠል ስሙን እንኳ ልወቅ" ብላ ተነሥታ ነበር። በየቀኑ ጋንትዝ እርሻ ትሄዳለች። አንድ ቅጠል ታሸታለች፤ ምራቋን ዋጥ አድርጋ ሳትበላ ትተወዋለች፤ ስሙን ትጠይቃለች። ማታ ትረሳዋለች። ጠዋት ተመልሳ ሄዳ ትጠይቃለች። ጦስኝን ብቻ አምስት ጊዜ ተምራዋለች፤ አምስቱንም ጊዜ ደስ ብሏታል።

አንድ ቀን ፈረሶቹ መንገድ ላይ አገኟት።

"እትዬ ፍየል፣ ሁልጊዜ የምትመላለሽው ወዴት ነው?"

"ቅጠል ልማር።"

"ስንተኛ ወጣሽ?"

"ኧረ ተዉኝ፣ ገና አሁን እየገባኝ ነው" ብላ አልፋቸው ሄደች።

ፈረሶቹ ቆመው ተያዩ። ነገሩ አስጨነቃቸው። ያን ዕለት ማታ ስብሰባ ጠርተው "ማን ቀድሞ ይገባዋል?" የሚል ውድድር አወጁ። ዳኛው ቀበሮ ነው። የመመዝገቢያው ክፍያ ሁለት ጆንያ አጃ ሲሆን፣ ምዝገባው እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።