በሽግግሩ ጊዜ በጉ የት ገባ?

መጽሐፍ ፊልም ሲሆን «ሽግግር» እንበለው። ሽግግር ሲባል የሚንጠባጠብ ዕቃ አይጠፋም፤ አሻጋሪዎቹም ቢሆኑ ወንዙ ማዶ ከደረሱ በኋላ ሻንጣ የሚቆጥር ሰው አይወዱም።

ፊሊፕ ኬ. ዲክ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1968 እ.ኤ.አ. «አንድሮይዶች የኤሌክትሪክ በግ ያልማሉን?» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ሪድሊ ስኮት በ1982 «ብሌድ ራነር» ብሎ ወደ ፊልም አሻገረው። ሳይበርፐንክ የሚባለው፣ ሕንጻው ሰማይ ነክቶ ኑሮው መሬት የወረደበት የታሪክ ዓይነት፣ መልኩን በብዛት የቀዳው ከዚህ ፊልም ነው። ስለ መብራቱ ክፉ የሚናገር አይገኝም፤ እኔም አልናገርም። ዝናቡ ሳይቀር ያበራል። የምጠይቀው ስለ በጉ ብቻ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የጦርነት አቧራ እንስሳውን ፈጅቶታል። ሪክ ዴካርድ የሚባለው የአንድሮይድ (የሰው ሠራሽ ሰው) አዳኝ እውነተኛ በግ ነበረው፤ በቴታነስ ሞተበት። ጎረቤት እንዳይሰማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አምሳያውን ጣራ ላይ አቆመና እንደ ደንቡ ይንከባከበው ጀመር። ጎረቤቱ ባርበር ግን እውነተኛ ፈረስ አለው፣ ያውም ያረገዘች ባዝራ! በዚያ አገር የሰውን እንስሳ «እውነተኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጥርስህ የራስህ ነው ወይ ከማለት ይብሳል። ስለዚህ በግ የለኝም የሚል የለም። ዴካርድ የእንስሳት ዋጋ የሚታተምበትን የሲድኒን ዝርዝር ከኪሱ አይለይም። ዘራቸው የጠፋው ሳይቀሩ አንዲት ፊደል ተለጥፎባቸው እዚያው ሰፍረዋል። ከገበያ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ዝርዝሩን ገልጦ መጽናናት ይችላል።

እቤት ደግሞ ስሜት የሚሞላ መሣሪያ አለ። 888 የተባለው ቁጥር ሲመታ፣ ምንም ይታይበት ምን፣ ቴሌቪዥን የማየት ጉጉት ያድራል። 594 ሲመታ ሚስት የባሏን የላቀ ጥበብ በደስታ ትቀበላለች። 3 ቁጥርን የመሰለ ግን የለም፤ ምንም መምታት ላስጠላው ሰው የመምታት ፍላጎት ይሰጣል። የዴካርድ ሚስት ኢራን ግን ነገሩን አበላሸችው። ሰው የሌለበትን ሕንጻ ባዶነት ሰምታ ምንም ስላልተሰማት በሽታ ነው ብላ ጠረጠረችና፣ ፈላልጋ የተስፋ መቁረጥን ቁጥር አገኘች። በወር ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ ትመታዋለች። ባሏ ተቆጣ። መሣሪያው ደስታ እያለው ሐዘን የሚመታ ሰው ማንን አያስቆጣ!

በሽግግሩ ጊዜ በጉ ቀረ፣ መሣሪያው ቀረ፣ ሚስቲቱም ቀረች። የተሻገረችው ጉጉት ናት። በትልቁ የታይረል ኩባንያ አዳራሽ ትበራለች፤ ሰው ሠራሽ ናት ወይ ሲባል «እንዴታ!» ይላሉ። ነውሩ ለካ ጣራው ላይ ላሉት ብቻ ነበር።

ፊልሙ ለገበያ ሳይወጣ በዳላስና በዴንቨር ለሕዝብ ታየና አስተያየት ተጠየቀ። መጠየቁ ያስመሰግናል። ሕዝቡ ግራ ገባኝ፣ ጨለመብኝ አለ። ባለገንዘቦቹ ቆራጦች ነበሩና ወዲያው ቆረጡ፣ ቀጠሉም። ግራ ለገባው ተራኪ ድምፅ፣ ለጨለመበት ብሩህ ፍጻሜ ታዘዘለት። ድምፁ ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየውን በጆሮው መልሶ ይነግረዋል። ዴካርድን የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ሲያነበው ደመወዙ እንዳይቀር የሚያነብ ዜና አንባቢ ይመስላል።

ፍጻሜው ደግሞ ብድር ነው። ደስ የሚል መልክዓ ምድር እጃቸው ላይ ስላልነበረ ስታንሊ ኩብሪክን ለመኑት፤ እሱም «ዘ ሻይኒንግ» ለተባለው አስፈሪ ፊልሙ ከሄሊኮፕተር አስቀርጾ የተረፈውን የተራራ መንገድ ሰጣቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት የቆየው ተመልካች በድንገት ጥርት ያለ ሰማይና አረንጓዴ ተራራ አየ። አረንጓዴው ከአስፈሪ የተረፈ መሆኑን ማን ይንገረው? ይህ ሁሉ ለምለም ቅርብ ከነበረ ከተሜው በዝናብ የሚበሰብሰው ለምን እንደሆነም ድምፁ አላብራራም።

ደራሲውም አልተረሳም። የድሮው መጽሐፍ ይቀመጥና በፊልሙ ታሪክ ልክ አዲስ ይጻፍ የሚል ሐሳብ፣ ዳጎስ ካለ ገንዘብ ጋር ቀረበለት። እምቢ አለ። ፊልሙ ከመታየቱ ጥቂት ወራት በፊት ሞተ። ታሪክን ከፊልሙ በኋላ የመጻፍ ልማድ እዚያም መኖሩን ማወቅ፣ አልደብቅም፣ ያጽናናል።

በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» መጣ። ድምፁ ወጣ፣ ተራራውም ወጣ። እሰየው ብለን በጉን ስንጠብቅ በሕልም የሚጋልብ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ገባ። በግ ለጠፋበት ሰው ጭራሽ ያልተፈጠረ እንስሳ፣ ያውም በሕልም የሚያየው! ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው ቢያንስ ላም ነበር የተመኘው። በ2007 «የመጨረሻው ቅጂ» ተባለ፤ ሕልሙ ረዘመ። በ2017 ዴኒ ቪልኔቭ «ብሌድ ራነር 2049»ን ሲሠራ ፈረሱ ከሕልም ወጥቶ እጅ ላይ ደረሰ፤ ከእንጨት የተቀረጸ ነው። እድገት የለም የሚል ሰው ዓይኑን ይመርመር።

በዚሁ ፊልም ዴካርድ አርጅቶ ከአንድ ውሻ ጋር ተቀምጧል። እውነተኛ ነው ወይ ሲሉት፣ እሱን ጠይቀው ብሎ ወደ ውሻው መራ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ባለቤቱ ይጠየቅ ያለ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።