ዝንጀሮውም አልተስማማም

አንዱ «እኔ የዝንጀሮ ዘመድ አይደለሁም!» እያለ ደረቱን ይደልቃል። ቀስ በል ጌታው፣ ደረት መደለቅ የጎሪላ ሙያ ነው። ደግሞስ ዝንጀሮውን ማን ጠየቀው? እሱም ስም አለው፣ የሚያፍርበት ጎረቤት አለው።

ቀጠለና «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ ዛሬም ለምን አለ?» አለን፣ አፍ ያስዘጋ መስሎት። ዛሬ ገደል ላይ ከሚዘለው ዝንጀሮ መጣህ ያለህ የለም። ድሮ አንድ አያት ነበራችሁ፤ ልጆቹ ተለያዩ፤ ገሚሱ ወዲህ፣ ገሚሱ ወዲያ። አንተ ተወለድክ ተብሎ የአጎትህ ልጅ ይሙትልህ? ኧረ ምቀኝነት!

ጥፋቱን ሁሉ ዳርዊን ላይ ይለጥፋል። ዳርዊን ምን በወጣው! ሰውን ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር በአንድ መዝገብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1758፣ ዳርዊን ሊወለድ 51 ዓመት ሲቀረው። ሊኔየስ ደግሞ የቄስ ልጅ ነው፤ ፍጥረትን ሁሉ ፈጣሪ እንደሠራው የሚያምን። ሰውና ዝንጀሮን አካል ለአካል ቢያስተያይ መለያው ጠፋበት፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብሎ ለወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። ያንተን ድለቃ ቢሰማ ደብዳቤውን ይቀድደው ነበር። የሌሊት ወፍንም እዚያው መዝገብ ከቷት ነበር። እሷን በኋላ አወጧት። አንተ ግን ዛሬም እዚያው ነህ።

«መልካችን አይገናኝም» አልክ? በመልክ ከሆነማ ሽኮኮን እየው። ቁጭ ሲል ጥንቸል፣ ሲሮጥ አይጥ። በሕይወት ካሉት ሁሉ ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ግን ዝሆን ነው! ጠጋ ብለህ የላይ ጥርሶቹን ብታያቸው የዝሆን ጥርስ በትንሹ፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ሰኮና መሳይ ጥፍር። ዘረመሉም ይህንኑ መሰከረ። ዝሆን ያን ሁሉ ቶን ተሸክሞ በሽኮኮ አላፈረም፤ አንተ በ60 ኪሎ ምን ያኮራሃል?

ማስረጃ አምጡ ይላል ደግሞ። ወንድሜ፣ ተቀምጠህበታል! ጅራት የለኝም ካልክ ደረጃ ላይ ተንሸራተህ በመቀመጫህ ውደቅና ያኔ እናወራለን። አከርካሪህ ጫፍ ላይ የቀረችው የጅራት ቅሪት ራሷ ታስጮህሃለች።

እሺ፣ ብርቱካንስ ለምን ትገዛለህ? ውሻህ «ብርቱካን ላጥልኝ» ብሎህ ያውቃል? ቫይታሚን ሲን እዚያው ጉበቱ ውስጥ ይሠራታል። አንተም መሥሪያው ጅን አለህ፤ ግን ተበላሽቷል። የማን ጅን አብሮ ተበላሸ? የቺምፓንዚ፣ የዝንጀሮ። ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛ መልስ ቢመሳሰልባቸው ጎበዞች እንላለን፤ ስህተታቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ፈታኙ መነጽሩን ያወልቃል። እናንተ ተመልካቾች ፍረዱ፣ እነዚህ ከአንድ ወረቀት አልቀዱም?

«በመካከል ያለውስ የታለ?» አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ታክሲ ያዝ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት ናት። ዳሌዋና ጭኗ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ እንደሄደች ይናገራሉ፤ የወገኖቿ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። እግር ቀድሞ ተነሣ፣ ጭንቅላት ቆይቶ ተከተለ። አንዳንዱ ሰው ጋ ገና መንገድ ላይ ነው።